ጤና አዳም በቤታችን፦ አተካከሉ፣ አያያዙና በልክ አጠቃቀሙ

ጤና አዳም ብዙ የማይጠይቅ ተክል ነው። ፀሐይ በደንብ ካገኘ ውኃም ማዳበሪያም ጥቂት ይበቃዋል። አጠቃቀሙም እንደዚሁ ነው፤ ለአንድ ሲኒ ቡና አንዲት ቀንበጥ ታጠግባለች። ቤት ተክለው የሞተባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ውኃ አብዝተውበት ነው። ጠጥተውት የታመሙትም «ትንሹ ከጠቀመ ብዙው ይበልጥ ይጠቅማል» ብለው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በየደረጃው ስለ ልክ ደጋግሜ እናገራለሁ። ይህን ተክል የሚያውቅ ሰው የሚለየው በልኩ ነው።

ወደ አተካከሉ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይያዝ። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም መጠጣትም መብላትም የለባትም። ማህፀንን የማኮማተርና ፅንስ የማስወረድ ጠባይ አለው። ለማርገዝ የምትሞክርና የምታጠባ እናትም ብትተወው ይሻላታል።

ምን ዓይነት ተክል ነው?

ጤና አዳም ከሎሚና ከብርቱካን ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የሳይንስ ስሙ ሩታ ቻሌፔንሲስ ይባላል። የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ተክል ቢሆንም በደጋውና በወይና ደጋው ጓሯችን ከኖረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በየዓመቱ አይዘራም። አንዴ ከያዘ ለዓመታት ይቆያል። ሥሩ አካባቢ እንጨት እየሆነ ይሄዳል፤ ቁመቱም እስከ 1 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቅጠሉ ትንንሽና ክብ ጫፍ ያለው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። አበባው ቢጫ ነው። የአበባው ቅጠሎች ጫፋቸው እንደ ዘርፍ የተበጣጠሰ ነው፤ ይህን ምልክት ያዙት፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ችግኙን ከየት እናምጣ?

ከሁሉ የሚቀናው ጎረቤት ጓሮ ካለ ተክል ቅርንጫፍ መለመን ነው። ያ ካልተገኘ ከጉሊት የሚሸጠው እስርም ይሆናል። ግን በዕለቱ የተቆረጠና ያልጠወለገ መሆን አለበት። መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች የበቀለ መግዛትም ይቻላል። በዘር ማብቀል የሚፈልግ ሰው ይችላል፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ዘሩ ለመብቀል ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል። ለቡና የሚበቃ ቅጠል እስኪሰጥ ደግሞ ወራት ይሄዳል። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ቅርንጫፍ ነው።

ጊዜው መስከረምና ጥቅምት ይሁን። ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ትመለሳለች፣ አየሩ ግን ገና አልደረቀም። በሐምሌና በነሐሴ የተተከለ ቅርንጫፍ ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል። በመጋቢትና በሚያዝያም ይሆናል፤ ያኔ ግን ከጠንካራ ፀሐይ መከለል ያስፈልጋል።

ቅርንጫፉን ሥር ማስያዝ

አበባ ያልያዘ ጤነኛ ቅርንጫፍ ምረጡ። ጫፉ ለስላሳ፣ ታችኛው በኩል ጠንከር ማለት የጀመረ ይሁን። ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ፣ ከአንጓው ዝቅ ብላችሁ በስለታም ቢላ ቁረጡት። ሥር የሚወጣው ከአንጓው አካባቢ ነው። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ። ቅጠሉ አፈር ውስጥ ከገባ ይበሰብስና ቅርንጫፉን ይዞት ይሞታል። አራት ወይም አምስት አዘጋጁ፤ ሁሉም ላይይዙ ይችላሉ።

የሃይላንድ ጠርሙስ ለሁለት ቆርጣችሁ ታችኛውን ክፍል በሚስማር ብሱት። ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ አፈር ቀላቅላችሁ ሙሉት። ማዳበሪያ አትጨምሩ። መጀመሪያ በእንጨት ቀዳዳ አብጁና ቅርንጫፉን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገቡት። ዙሪያውን በጣት ጠቅጠቅ አድርጋችሁ አንዴ በደንብ አጠጡት። ከዚያ ብርሃን ያለበት ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ላዩ ደረቅ ሲል ብቻ ትንሽ ውኃ ይበቃዋል።

ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል። አዲስ ቅጠል ሲያበቅል በቀስታ ሳብ አድርጉት። ከያዘ አይነቀልም። በየቀኑ እየነቀሉ ማየት ግን ገና የጀመረውን ሥር መበጠስ ነው።

በዘር ከሆነ ላላ ባለ አፈር ላይ በትኑት፤ በጣም ስስ አፈር ብቻ አልብሱት። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ጥልቅ ከተቀበረ አይወጣም። አራት እውነተኛ ቅጠል ሲይዝ ለየብቻው አዛውሩት።

ቋሚ ቦታውን መምረጥ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጤና አዳም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ጥላ ውስጥም ይበቅላል፣ ግን ይሰልላል፣ ሽታውም ይቀንሳል። ቡናችን ላይ የምንፈልገው ያ ኃይለኛ መዓዛ የሚመጣው ቅጠሉ ውስጥ ካለው ዘይት ነው። ዘይቱ በደንብ የሚጠራቀመው ፀሐይ ባገኘ ቅጠል ላይ ነው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ካላችሁ እድለኞች ናችሁ። አዲስ አበባ ላይ በበጋው ወራት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታደላለች። ወደ ሰሜን ብቻ የዞረ በረንዳ በበጋ ቀኑን ሙሉ ጥላ ይሆናል። እንዲህ ከሆነባችሁ ከጣሪያ ላይ ወይም ከግቢው ጥግ ቦታ ብትጠይቁ ይሻላል።

ለዕቃ፣ ወርዱም ጥልቀቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ማሰሮ ወይም የቀለም ባልዲ በቂ ነው። ባልዲው በደንብ ይታጠብ። ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ይበሳ። ከዚያም በድንጋይ ከፍ ይደረግ፤ ቀዳዳው ሲሚንቶ ላይ ከተለጠፈ ውኃው መውጫ ያጣል። አፈሩን ሁለት እጅ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት አድርጉት። ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥለዋል።

መሬት ላይ ለሚተክል ሰው ዋናው ጉዳይ ዋልካ ነው። ጥቁር ዋልካ በክረምት ውኃ ይዞ ይቆያል። ጤና አዳም ደግሞ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ አይተርፍም። መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉና አሸዋና ኮምፖስት ቀላቅሉበት። ቁልቁለት ያለው ቦታ ካላችሁ ደግሞ እዚያ ትከሉት። በሁለት ተክል መሃል ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይተው። ልጆች የሚጫወቱበት መተላለፊያ ላይ ግን አትትከሉ፤ ምክንያቱን ስለ አቆራረጡ ስናወራ ታገኙታላችሁ።

በሶብላን ከጤና አዳም ጋር በአንድ ማሰሮ የሚተክሉ አሉ። አልመክረውም። በሶብላ ውኃ ይወዳል፤ ለአንዱ ስታዝኑ ሌላውን ትገድላላችሁ።

ውኃና ማዳበሪያ

ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። እርጥበት ካለ ተዉት። ከደረቀ ከታች እስኪወጣ ድረስ አጠጡት፣ ከዚያ እንደገና እስኪደርቅ ጠብቁ። በበጋ ማሰሮ ውስጥ ላለው በሳምንት ሁለቴ ገደማ ይሆናል። መሬት ላይ ለተተከለና ሥሩን ለዘረጋ ተክል በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። በክረምት ማሰሮውን ከጣሪያ ጠርዝ ሥር አስገቡት።

ቅጠሉ ከታች ወደ ላይ ቢጫ እየሆነ ከመጣና አፈሩ እርጥብ ከሆነ ችግሩ የውኃ ብዛት ነው። ብዙ ሰው ቢጫውን ሲያይ የጠማው ይመስለውና ይጨምርለታል። ይኸኔ ነው ተክሉ የሚሞተው። ውኃውን አቁሙ፣ አፈሩን ኮትኩታችሁ አናፍሱት፣ ፀሐይ ላይ አውጡት።

ማዳበሪያ በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሲወጣ፣ አንድ ሁለት እፍኝ ኮምፖስት ይበቃዋል። ዩሪያ አያስፈልገውም። ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ይለመልማል፣ መዓዛው ግን ይሳሳል።

አባጨጓሬው

ጤና አዳም ብዙ ተባይ አይደፍረውም። አንድ የታወቀ ጠላት ግን አለው። በሎሚና በብርቱካን ዛፍ ላይ የሚፈለፈለው የትልቁ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ዘመዳቸውን ጤና አዳምንም ይበላል። ገና ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ለዚህ ነው የማይታየው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከራሱ ላይ ብርቱካንማ ቀንድ አውጥቶ የሚከረፋ ሽታ ይረጫል። ሁለት ሦስቱ አንድ ትንሽ ተክል በጥቂት ቀን ይመለምሉታል።

መፍትሔው ማለዳ ቅጠሉን እየገለበጡ በእጅ መልቀም ነው። ጓንት አድርጉ። ፀረ ተባይ መርጨት የለባችሁም፣ ቅጠሉን በጥሬው ቡና ውስጥ የምንጨምረው ነውና። ቀንበጡ ላይ ክሽክሽ ከወጣበት በውኃ ግፊት ማጠብ ይበቃል።

አቆራረጥ፣ ቆዳችሁንም መጠበቅ

ተክሉ 25 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ጫፉን ብቻ ቀንጥሱለት። ጫፉ ሲቀነጠስ ወደ ጎን ይበረክታል። ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁት መቁረጥ ትችላላችሁ፤ በአንድ ጊዜ ግን ከሲሶው አትለፉ። ቅጠል የሌለበትን አሮጌ እንጨት አትቁረጡ፤ ከዚያ ላይ አዲስ ቀንበጥ ማውጣት ይከብደዋል። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ እንጨት ብቻ ሲሆን ከራሱ ቅርንጫፍ ወስዳችሁ አዲስ ትከሉ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ቅጠሉ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኙ ቆዳን ይጎዳሉ። የሎሚ ጭማቂ እጅ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው የሚያደርሰው ጠባሳም ከዚሁ ዓይነት ነው። ችግሩ ወዲያው አይታወቅም። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ከዳነ በኋላም የጠቆረ ምልክቱ ለወራት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ሰው ምክንያቱን ረስቶታል።

ስለዚህ አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ቁረጡ። ብዙ የምትቆርጡ ከሆነ ጓንትና እጀ ሙሉ ልብስ ልበሱ። ስትጨርሱ እጃችሁን እስከ ክንድ በሳሙና ታጠቡ። ደጋ ላይ ደመናማ ቀንም ቢሆን ጨረሩ ጠንካራ ነው፤ አትዘናጉ። ልጆችን ከተክሉ አርቁ። ቅጠሉን ቆዳ ላይ አሽቶ ፀሐይ ላይ መውጣትም ቢለመድ እንኳ የሚያስከፍለው ብዙ ነው። ቆዳው ውኃ ከቋጠረ አታፈንዱት፤ ከፀሐይ ሰውሩትና ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በውጭ አገር ለምትኖሩ

አሜሪካ ያላችሁ ከላቲን አሜሪካውያን ሱቅና ችግኝ መሸጫ «ሩዳ» ብላችሁ ጠይቁ። እስራኤል ውስጥ ተክሉ በዱርም ይበቅላል፣ በዕብራይስጥ ፔጋም ይሉታል። በዐረብ አገር ሰዛብ ወይም ሸዛብ ይባላል።

አውሮፓና አሜሪካ ችግኝ መሸጫ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን የኛው ወንድም የሆነው ሩታ ግራቬዎለንስ ነው። የምትለዩት በአበባው ነው። የኛው የአበባ ቅጠል ጠርዙ ዘርፍ አለው። የዚያኛው ዘርፍ የለውም፣ ትንሽ ጥርስ ጥርስ ብቻ ይላል። ያም ቡና ውስጥ ይገባል፤ ጥንቃቄውም ያው ነው። ብርድን ግን ከኛው ይበልጥ ይችላል።

በረዶ በሚጥልበት አገር የኛውን በማሰሮ ብቻ ያዙ። አመዳይ ከመምጣቱ በፊት ወደ ቤት አስገቡትና ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ላይ አኑሩት። ቤት ውስጥ ክረምቱን ሙሉ ውኃ በጣም ቀንሱለት። ማሞቂያ አጠገብ አይቀመጥ። ዐረብ አገር ደግሞ በተቃራኒው በበጋ ከቀትር በኋላ ጥላ ይፈልጋል። ከአገር ቤት የቁም ችግኝ በሻንጣ መያዝ አይሞከር፤ ብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ አያስገቡም።

ቡና ላይ

ቀንበጡን በንጹሕ ውኃ እጠቡ። ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ለአንድ ሲኒ ይበቃል። ቡናው ከተቀዳ በኋላ ሲኒው ውስጥ ነከር፣ አንዴ ማማሰል፣ ጥቂት ቆይቶ ማውጣት። ሲኒ ውስጥ ከቆየ እየመረረ ይሄዳል። በጨው ለሚጠጡም በስኳር ለሚጠጡም ይስማማል።

ጀበናው ውስጥ አትጨምሩት። አንደኛ፣ ሸክላው ሽታውን ይይዝና ቀጣዩ ቡና ሁሉ ጤና አዳም ጤና አዳም ይላል። ሁለተኛው ይበልጣል። ከእንግዶቹ መካከል ነፍሰ ጡር ልትኖር ትችላለች፣ ገናም ያልተነገረ ሊሆን ይችላል። ቀንበጦቹን በትንሽ ሳህን አድርጋችሁ ረከቦቱ ላይ አስቀምጡ፤ የፈለገ ያንሳ። ይህ ለእንግዳም ክብር ነው። በቀን አንድ ሁለት ሲኒ ላይ ከተጠቀማችሁ በቂ ነው፤ አቦልም ቶናም በረካም ላይ መደጋገም አያስፈልግም።

በከፋ፣ በቤንችና በወላይታ አካባቢ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጤና አዳም ጋር ተፈልቶ ይጠጣል። በብርድ ጊዜ እንደዚህ ያለ መጠጥ የለም።

እርጎና አይብ

ለእርጎ፣ ወተቱ ሊረጋ ሲቀመጥ አንድ የታጠበ ቀንበጥ ጣል ማድረግ ነው። ሲረጋ አውጡት።

አይብ ላይ ጤና አዳም ይበልጥ ያምራል። 2 ሊትር አሬራ ድስት ውስጥ አድርጉ፣ ሁለት ቀንበጥ ጨምሩበት። በጣም ለስላሳ እሳት ላይ ጣዱት። መፍላት የለበትም፤ ከፈላ አይቡ ይደርቅና ጎማ ይሆናል። ጣት ሲነካው የሚፋጅ ሙቀት ይበቃል። አይቡ ተለይቶ ሲንሳፈፍ፣ አጓቱም ጠራ ሲል አውርዱት። ሳትነካኩት እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ከዚያ ቀንበጦቹን ለቅማችሁ አውጡና በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ሽታው ቀለል ብሎ አይቡ ውስጥ ይቀራል። ከክትፎ ወይም ከጎመን ጋር ስትበሉት ልዩነቱ ይታወቃችኋል። ቅጠሉን ከትፎ መቀላቀልም አለ፤ ያኔ ግን ለ2 ሊትሩ አሬራ አይብ የአንድ ቀንበጥ ቅጠል ብቻ ይሁን።

ለሆድ ቁርጠት

ብዙ ቤት ሆድ ሲነፋ ወይም ሲቆርጥ ጤና አዳም ይፈለጋል። ለአዋቂ አንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የምትሆን አንድ ቀንበጥ ጨምሩ። 5 ደቂቃ ከድናችሁ አውጧት፣ ውኃው ይጠጣ። ይኸው ነው። ጨምቆ ጭማቂውን መጠጣት ወይም እፍኝ ሙሉ መቀቀል ሌላ ጉዳይ ነው። ሲበዛ ያስመልሳል፣ ሆድን ይበልጥ ያማል፣ ጉበትና ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ተነጥሮ በጠርሙስ የሚሸጠው ዘይት በፍጹም አይጠጣ።

ለሕፃናት አትስጡ። ሕፃን ሲያለቅስ ጨምቆ ጠብ ማድረግ የቆየ ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሕፃን ሰውነት ግን አይችለውም። የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበትና በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሕመሙ ትኩሳት፣ ደም ወይም ተደጋጋሚ ማስመለስ ካለበት፣ ወይም ወደ አንድ ጎን ጠንክሮ ከቆየ ቅጠል የሚፈለግበት ጊዜ አይደለም፤ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ማስቀመጥ፣ ፍሬውም ለበርበሬ

የተቆረጠው ጤና አዳም ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቢቆም አራት አምስት ቀን ይቆያል። በረጠበ ወረቀት ተጠቅልሎ ፍሪጅ ከገባ ሳምንት ያልፋል። ቅጠሉን ማድረቅ ብዙም አያዋጣም፣ መዓዛው ይሸሻል። የሚደርቀው ፍሬው ነው።

አበባው ካለፈ በኋላ አራት አምስት ክፍል ያላቸው ክብ ፍሬዎች ይይዛል። ወደ ቡናማ ማድላት ሲጀምሩ፣ ሳይፈነዱ፣ ከነዘንጋቸው ቁረጧቸው። በጓንት ይሁን፣ ፍሬውም ያቃጥላል። በሰፌድ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርቁ። በጣት ሲጫኑት ተንኮሻኩሾ ከተሰበረ ደርቋል። በክዳን ጠርሙስ ይቀመጣል።

በርበሬ ሲዘጋጅ ለ1 ኪሎ ዛላ አንድ የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ፍሬ ጥሩ ልክ ነው። ለስለስ ባለ እሳት ጥቂት አመስ አድርጋችሁ ከኮረሪማው፣ ከድንብላሉና ከአዝሙዱ ጋር ታስፈጩታላችሁ። ትኩሱን ቅጠል የሚመርጥ ሰው ደግሞ በድልዙ ጊዜ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ይወቅጠዋል፤ ለ1 ኪሎ ሦስት አራት ቀንበጥ ይበቃል፣ ከድልዙ ጋር ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ሁለቱንም አንድ ላይ አታድርጉ፣ ምሬቱ ይወጣል። አዋዜ ላይም ትንሽ የተወቀጠ ፍሬ ጣል ቢደረግ ያምርበታል።

ለዘር የምትፈልጉትን ግን ከማመሳችሁ በፊት ለዩ። ተክሉ ላይ ሁለት ሦስት ዘንግ ተዉና ፍሬው ሊከፈት ሲል የወረቀት ከረጢት አልብሳችሁ እሰሩት። ጥቁሩ ዘር ራሱ ከረጢቱ ውስጥ ይራገፋል። ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ በመስከረም ይዘራል።